የጭራቁን ልብስ የለበሰው ሰውዬ

የፊልም መሸጫው ባለቤት ሰውዬውን ለምዳዋለች። ቁመቱ ለጉድ ነው፤ የትኛውም ኮት እጅጌ አይበቃውም። ሳምንቱን ሙሉ ሲመላለስ ሰንብቷል፤ መልስ እስኪሰጡት እንኳ አንድ ቦታ መቆም አይሆንለትም።

«ያ ከጠፈር የመጣው ጭራቅ ፊልም በዲቪዲ ወጣ?»

«ዛሬ ገባልዎት።»

«አሠራሩን የሚያሳይ ተጨማሪ ክፍልስ አለው?»

«አንድ አለው። ምነው ጋሼ፣ ፊልሙን ፈሩት እንዴ?»

«ጭራቁ እኔ ነኝ እኮ! ልብሱን ለብሼ የተወንኩት እኔ ነኝ። ግን ማን ይመነኝ? ልጄ እንኳ ‹አባዬ፣ ቀደዳህን ተው› ነው የምትለኝ።»

እየሳቀች ዲስኩን የሱቁ ማጫወቻ ውስጥ ከተተችና ተጨማሪውን ክፍል ከፈተችለት። ሰውዬው ቴሌቪዥኑ ፊት ወዲያ ወዲህ ይል ጀመር። በመጨረሻ ጭራቁ ብቅ አለና የጎማ ጭንቅላቱን አወለቀ። ከሥሩ የወጣው ታዋቂው መሪ ተዋናይ ነበር። ፈገግ ብሎ፣ «ይህ ልብስ አሳሬን ነው ያበላኝ» አለ።

ሰውዬው ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ፀጉሩን እዪው፤ ጠብታ ላብ የለበትም» አለ ቀስ ብሎ። «ሌላ ተጨማሪ ክፍል የለውም?»

ባለሱቋ የዲስኩን ማሸጊያ አንብባለች፤ ያለው አንድ ብቻ ነው። ሪሞቱን አነሳችና፣ «እስቲ እንፈልግ» አለችው።