ጀርባዬን ለማን ላሳይ

ጓደኛዬ ልታገባ መሆኗን ስትነግረኝ እልል አልኩ። ከሚዜዎቿ አንዷ እኔ እንደሆንኩ ስትነግረኝም አቀፍኳት። ቀጥላ የሚዜውን ቀሚስ ፎቶ ከቦርሳዋ አውጥታ ስታሳየኝ ግን ደነገጥኩ። ከባሕር ዳር የሚከራየው ቀሚስ ፊት ለፊቱ ጨዋ ነበር፤ ጀርባው ግን እስከ ወገብ ክፍት ነው።

«አልወደድሽውም?» አለችኝ።

«እንዴት አልወደውም!» አልኩ።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ሁለታችንም አንድ የሴቶች ፀጉር ቤት ተቀጥረን እንሠራ ነበር። ሞባይል ወደ ከተማችን ገና በገባበት ሰሞን ነው። አንድ ትሪ ላይ በልተናል፣ አንድ አልጋ ላይ ተኝተናል፤ ጀርባዬን ግን አይታው አታውቅም። ከእናቴ በቀር ማንም አላየውም። በሚያዝያ ሙቀት እንኳ አንገቱ የተዘጋ ሹራብ ስለምለብስ ደንበኞቻችን «ይች ልጅ ወባ አለባት እንዴ?» እያሉ ይስቁብኛል። እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ።

ነገሩ የደረሰብኝ በልጅነቴ ነው። እናቴ ማንኩሳ ውስጥ አረቄ እያወጣች ነበር የምታሳድገኝ። አንድ ቀን «እሳቱን ቆስቁሽልኝ» ብላኝ ምድጃው ሥር ጎንበስ እንዳልኩ ድፍድፉ የሚፈላበት እንስራ ፈነዳና ጀርባዬ ላይ ወረደ። ከሞት ተረፍኩ። ገላዬ ግን ከትከሻዬ በታች እስከ ወገቤ ድረስ እሳት እንዳየ ቆዳ ተኮማትሮ ቀረ። እናቴ ቁስሉ እስኪጠግግ ቅቤ ስትቀባኝ ከረመች። ከጠገገ በኋላ አረቄውን ትታ ጌሾ መሸጥ ጀመረች፤ ስለ ጀርባዬም ዳግመኛ አንስታ አታውቅም። ልብስ ስቀይር ካየችኝ ፊቷን ታዞራለች። እኔም ጠባሳዬ እናት እንኳ ልታየው የማትችለው ነገር ነው ብዬ ደመደምኩ።

ንቅሳት ትዝ ያለኝ ቪዲዮ ቤት ካየሁት የውጭ ፊልም ነው። ፊልሙ ላይ ጀርባዋን ሙሉ ሐረግና አበባ የተነቀሰች ሴት ነበረች። ሰው የሚያየው ሐረጉን እንጂ ገላዋን አልነበረም። «እኔስ?» አልኩ። ደንበኛ በሌለበት ሰዓት የፀጉር ቤቱን በር ዘግቼ በሁለት መስታወቶች መሃል ቆምኩና ጀርባዬን ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉውን አየሁት። ያሰብኩትን ያህል ትንሽ አልነበረም። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ከዚያ ተነስቼ ከእናቴ የክት ቀሚስ ጥልፍ የማስታውሰውን ሐረግ ወረቀት ላይ መሳል ጀመርኩ። ከግራ ትከሻ ተነስቶ፣ እየተጠማዘዘ ወርዶ፣ ጠባሳውን በሙሉ የሚያለብስ ሐረግ።

ቡሬ ውስጥ በማሽን የሚነቅስ ልጅ አለ ሲባል ሰምቼ ነበር። ለጓደኛዬ አክስቴ ታማለች ብዬ በሚኒባስ ሄድኩ። ልጁ የሚሠራው መናኸሪያው አጠገብ፣ ከአንድ ወንዶች ፀጉር ቤት ጓሮ ነው። መንቀሻውን ከቴፕ ሞተር ራሱ ነው የሠራው። ግድግዳው ላይ የአንበሳ፣ የመስቀልና ቀስት የወጋው ልብ ሥዕሎች ለጥፏል። ሐረጌን አይቶ «ቆንጆ ነው፤ በይ ጀርባሽን ልየው» አለኝ።

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ሸሚዜን ዝቅ አደረግኩ። ልጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ና እስቲ፣ ና ይችን እይ!» ብሎ ፀጉር አስተካካዩን ጠራው። እሱ ምላጭ በእጁ እንደያዘ መጣ፤ ተከትሎት ደግሞ ግማሽ ጢሙን የተላጨ ደንበኛ ሳሙናው ሳይጠረግ ገባ።

«ምን ሆና ነው?» አለ ደንበኛው። የጠየቀው ልጁን ነው፣ እኔን አይደለም።

«ችግር የለውም» አለ ልጁ። «ትልቅ ንስር አድርጌ ሁሉንም በጥቁር እደፍነዋለሁ።»

ሸሚዜን ስቤ ወጣሁ። ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ «እህቴ፣ ቁልፍሽን አዛንፈሽዋል» አለችኝ። መልሼ መቆለፍ አቃተኝ፤ እሷው ቆለፈችልኝ። እስከ ቤቴ ድረስ ሁሉም ተሳፋሪ ያወቀብኝ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ አንዲት ከገጠር የመጣች ደንበኛ ሹሩባ ስሠራት አንገቷ ላይ ያለው፣ የእናቴን የሚመስል ንቅሳት ዓይኔን ያዘው። ማን እንደነቀሳት ጠየቅኳት። ጅጋ ያለች ነቃሽ ናት አለችኝ፤ ድድና አንገት የምትነቅስ፣ እጇ የታወቀ። በገበያ ቀን ሄድኩ።

ነቃሿ ደልደል ያሉ፣ ድምፃቸው የጎረነነ ሴት ናቸው። የአንዲት ልጃገረድ ድድ ነቅሰው መጨረሳቸው ነበር፤ በክር የታሰሩ መርፌዎቻቸውን ይጠርጋሉ። ሌሎች ሴቶችም ተራ ይጠብቃሉ።

«እትዬ፣ ለእህቴ ነበር» አልኩ ቀስ ብዬ። «ጀርባዋ ላይ ጠባሳ አለባት። በንቅሳት መሸፈን ይችሉ እንደሆን ጠይቂልኝ ብላኝ ነው።»

ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። እህትሽን ግቢ በያት» አሉኝ።

ሴቶቹን ወደ ደጅ አስወጡና በሩ ላይ ጋቢ ሰቀሉ። ጀርባዬን ስገልጥ አልጮሁም፣ ከንፈርም አልመጠጡም። መዳፋቸውን አሳርፈው ቀስ እያሉ ዳሰሱት። ከእናቴ ወዲህ እዚያ ቦታ የሰው እጅ አርፎ አያውቅም።

«እሳት ነው ውሃ?»

«ድፍድፍ።»

«ጠባሳው ላይ አልነቅስም» አሉ። «ቀለሙን አንድ ቦታ ይውጠዋል፣ ሌላ ቦታ ይተፋዋል። ደህናው ገላ ላይ፣ ከላይ ትከሻሽ ላይ ልነቅስሽ እችላለሁ። ጠባሳው ግን ይታያል።»

«እንዳይታይ ብዬ እኮ ነው የመጣሁት!»

«እንግዲያው የምትፈልጊው እኔን አይደለም።»

አልተነሳሁም። ድምፃቸውን ለስለስ አደረጉ። «ከቆረጥሽም እናትሽን ይዘሽ ነይ። ይህን ያህል ገላ ብቻዋን ለመጣች ሴት አልነቅስም። ትኩሳት ቢይዝሽ ማን አገላብጦ ያይልሻል?»

እንደዚያ ያለ ትእዛዝ ከየት መጣብኝ! የቡሬውን ልጅ ንስር ልቀበል እንዴ ብዬ አስቤ ነበር። ግን ወደዚያ ጓሮ መመለሱን ጠላሁት። በሚቀጥለው እሑድ ማንኩሳ ሄድኩ። እናቴ ጌሾ ታበጥራለች። ሰርጉን፣ ቀሚሱን፣ ነቃሿን አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ሰፌዱን አስቀመጠች።

«ግለጭው» አለችኝ።

ገለጥኩት። ዞር ስል መሬት ላይ ቁጭ ብላ ነጠላዋን በጥርሷ ነክሳለች።

«እሳቱን ቆስቁሽ ያልኩሽ እኔ ነኝ» አለች።

«እኔኮ የምታፍሪብኝ መስሎኝ ነው» አልኳት። «ሁልጊዜ ፊትሽን ስታዞሪ።»

«ባንቺ? ምነዋ ልጄ! እኔ ያፈርኩት በገዛ ሥራዬ ነው። ምን ዓይን አለኝና ልየው?»

ጠባሳውን መሸፈኑ ይቅርብኝ ብዬ፣ ደህናው ገላዬ ላይ ለመነቀስ ጅጋ አብረን ሄድን። ነቃሿ የእናቴን አንገት ንቅሳት አይተው ወደዱትና እሱኑ አስረዝመው ከትከሻ እስከ ትከሻዬ ዘረጉት፤ ደቃቅ መስቀሎች በአንድ መስመር፣ ከጠባሳው ጫፍ በላይ። እናቴ ሁለቱን እጆቼን ይዛ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ነበር። ሲያመኝ እሷ ቀድማ «እህ» ትላለች። እንደተባለው ትኩሳት ያዘኝ፤ እስኪሽር ድረስ ማንኩሳ እሷ ዘንድ ሰነበትኩ።

ለጓደኛዬ ጀርባዬን ያሳየኋት ቀሚሱን በለካንበት ቀን ነው። አፍጥጣ አየችኝና መጀመሪያ ያለችው «በአንድ አልጋ ተኝተን!» ነው። ከዚያ ተቆጣች፣ ከዚያ አለቀሰች። የኔን ቀሚስ ብቻ ጀርባው ዝግ እናስደርገው ብትለኝ፣ መደበቅ ሰልችቶኝ ነበርና እምቢ አልኩ።

የሰርጉ ቀን ዳሱ ውስጥ ስገባ ከኋላዬ «ውይ በሞትኩት!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞሬ አላየሁም። ጨፈርኩ፤ እየጨፈርኩም ጀርባዬ ላይ ያረፈውን ዓይን ሁሉ እየቆጠርኩ ነበር። ፎቶ አንሺው ሚዜዎቹን በመስመር አቁሞ «አሁን ደግሞ ጀርባችሁን ወደኔ!» ሲል ጫማዬ ወጋኝ ብዬ ከመስመሩ ወጣሁ። ፎቶው ያለኔ ተነሳ።

እናቴ ከተቀመጠችበት አይታኝ ኖሮ አጠገቤ መጣች።

«ምነው ወጣሽ?»

«አፍሬ ነው» አልኳት። ይህን ቃል ለእሷ በአፌ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።

አይዞሽ አላለችኝም። የሚያሳፍር ነገር የለውም ብላም አልተከራከረችኝም። «እሺ» አለችና እጄን ይዛ ጎኗ አስቀመጠችኝ፤ አንድ መሶብ ላይ ቀርበን በላን።