የአቶ ነገ ግራ እግር

ሱሪውን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋዋል። በመዳፉ ይዳብሰዋል፤ ሽብሽብ ካለ ገፋ ገፋ አድርጎ ያቃናዋል። በጠመኔ ያሰምራል፤ ጫፉን ደርቦ ያጥፋል፤ በከንፈሩ ከያዛቸው እስፒሎች አንድ በአንድ እየመዘዘ እጥፋቱን ይወጋጋል። ከዚያ በክር ላላ አድርጎ ይወሰውስና እስፒሎቹን እየነቀለ ቆርቆሮ ውስጥ ይጥላል። ሲጥል የእያንዳንዱን ድምፅ ያዳምጣል። አንዱ ቅጭል ሳይል ከቀረ ሥራ ይቆማል፤ በገመድ የታሰረች ማግኔት ወለሉ ላይ እስኪያገኘው ድረስ ይጎትታል። በመጨረሻ ጨርቁን ከመርፌው ሥር ያስገባና በግራ እግሩ መርገጫውን ይጫናል፤ በቀኝ እጁ የስፌት መኪናውን ጎማ ያግዛል። ያ እጅ የቀኝ እግሩን ሥራ ነው የሚሠራው። ቀኝ እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ተቆርጧል።

ሰፈሩ «አቶ ነገ» ይለዋል፤ «ነገ ይደርሳል» ያላለው ልብስ የለማ። ደንበኞቹም አይሞኙም፤ ለቅዳሜ የሚፈልጉትን ለሐሙስ ነው ብለው ይሰጡታል። እሱም ሐሙስ ሲሉት ቅዳሜ ብሎ ይሰማል። ሁሉም ይዋሻል፣ ልብሱም ይደርሳል፣ ማንም አይቀየምም። ስኳር በሽታ እስኪይዘው ድረስ በዚህ ዘዴ ያልተፈታ ነገር አልገጠመውም።

ለሐኪሙ መጀመሪያ የነገረው ግን እውነቱን ነበር።

«ዶክተር፣ ኪኒኑ ሆዴን እያላወሰ አላሠራ አለኝ። ትቼዋለሁ።»

ሐኪሙ ልጁ የሚሆን ወጣት ነው። ከካርዱ ቀና አላለም፤ በሩም ገርበብ እንዳለ ነበር። «ታዲያ እዚህ ምን ሊሠሩ መጡ አባት? የሚያውቁት እርስዎ ነዎት እኔ?»

ኮሪደሩ ላይ ከተሰለፉት አንዱ ሳቀ። ሆዱን ምን እንዳደረገው የጠየቀው የለም።

ቤት ሲገባ ለሚስቱ፣ «ሁለተኛ እውነት አልነግረውም» አላት።

«ሐኪም እኮ ነው፤ ቢቆጣስ ምን አለበት?»

«እኔም ልብስ ሰፊ ነኝ። ደንበኛዬ ጠበበኝ ሲለኝ ‹የምታውቀው አንተ ነህ እኔ› ብለው በነጋታው ዝንብ ነበር የምለካው።»

ከዚያ ወዲያ የሙያውን ዘዴ አመጣ። የተጣመመ ስፌት ደንበኛው ከመምጣቱ በፊት ካውያ ሲያርፍበት ለጊዜው የተቃና ይመስላል። እሱም ኪኒኑን ትቶ ይከርምና ቀጠሮው ሲቃረብ ይጀምራል፤ ዋዜማውን ራቱን ይተዋል፤ ጠዋት ደሙን ይሰጣል። ሐኪሙ የላቦራቶሪውን ወረቀት ያይና፣ «ጎበዝ አባት፣ እንዲሁ ይቀጥሉ» ይለዋል። በእሱ ቤት ሐኪሙን ሸውዶ፣ እየሳቀ ይመለሳል።

«ማንን ነው የሸወድከው?» ትለዋለች ሚስቱ። «ስኳሩ ያለው እሱ ጋ ነው?»

አንድ ቀን ሐኪሙ ምን እንደታየው እንጃ፣ «እስቲ ጫማዎን ያውልቁ፣ እግርዎን ልየው» አለው።

የቀኙ ካልሲ አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል። የሰው ቀዳዳ ሲጠቅም የሚውል ሰው፣ የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የምትባለው ሆነና አፈረ። «ደህና ነው ዶክተር፣ ትናንት ስታጠብ አይቼዋለሁ።»

ሐኪሙ በበሩ በኩል ሰልፉን አየት አደረገ። ከዚያ ካርዱ ላይ «እግሩ ደህና ነው» ብሎ ጻፈ።

እግሩ ደህና አልነበረም። ከወለሉ የተነሳች እስፒል በስስ ነጠላ ጫማው ሶል አልፋ ውስጥ እግሩን ወግታ፣ ተሰብራ ቀርታለች። እሱ አልተሰማውም፤ ስኳሩ እግሩን ካደነዘዘው ከርሟል። ያወቀችው ሚስቱ ናት፣ ካልሲውን ልታጥብ ስትል፣ ከሽታው። ሐኪም ቤት ሲደርሱ ቁስሉ ጠቁሮ ወደ ላይ ወጥቷል። ቆረጡት።

ሐኪሙ አልጋው ድረስ መጥቶ ቆመ። «ቁጥርዎ እኮ ጥሩ ነበር» አለ፣ ዕቃ እንደተበላሸበት ሰው።

«አሳምሬ ነበር የማመጣልዎ።»

ሐኪሙ ካርዱን ገልጦ አየው። «እንግዲህ ከዛሬ ወዲያ የሚነግሩኝን በምን ልመን?»

ይኸው የዚያ ዕዳ ዛሬ ግራ እግሩ ላይ ወድቋል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ እግሩ መርገጫው ላይ ማረፉን የሚያውቀው ጎንበስ ብሎ ሲያይ ነው። ይቺም ከሄደች መኪናው ይቆማል። ኪኒኑን አሁን አያጓድልም፤ ሆዱ ቢታመምም ይውጠዋል። ባለፈው ቀጠሮም ገና ሳይቀመጥ፣ «ዶክተር፣ ግራዬ እየደነዘዘ ነው» አለ።

«ይሄንንስ አሳምረው ነው ያመጡት?» አለ ሐኪሙ።

አቶ ነገ ተቀመጠ። ክራንቹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ጫማውን ፈታ፣ ካልሲውን አወለቀ፣ እግሩን ፊት ለፊቱ ያለው ወንበር ላይ ሰቀለ። ሐኪሙ ቀጭን የላስቲክ ክር ከመሳቢያው አወጣና፣ «ዓይንዎን ይጨፍኑ። ስነካዎ ነካኸኝ ይበሉ» አለው።

ጨፈነ። ጠበቀ። ወንበሩ ሲንቋቋ፣ ከውጭ ተራ ሲጠራ ሰማ።

«አልጀመሩም እንዴ ዶክተር?»

«ጨርሻለሁ።» ሐኪሙ ክሩን መልሶ አነሳና፣ «እስቲ ድጋሚ» አለ። ድጋሚ ነካ፤ ሰውዬው አሁንም ነካኸኝ አላለም። ሐኪሙ እግሩ እንደደነዘዘ አምኖ ይሁን ወይስ እየዋሸኝ ነው ብሎ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ሞከረ። ካርዱ ላይ ምን እንደጻፈ አልነገረውም። ከሌላ ሐኪም ጋር ልየው ብሎ ሌላ ቀጠሮ ሰጠው።

አቶ ነገ አሁን ያንን ቀጠሮ ይጠብቃል። ይህን ለሚያነብ ሰውም አንድ ልመና አለው፦ «ሐኪም ቤት ስትገቡ፣ አውልቁ ባይሏችሁም ሁለቱንም ጫማ አውልቁ። ቢቆጣም ንገሩት፣ ባያምናችሁም ንገሩት። የተቀደደውን ካልሲ እኔ ጋ ጣሉት፣ ነገ ይደርሳል። እግሩን ግን ዛሬ አሳዩ።»