ዲዳው ሩፒ

ጎረቤቴና እኩያዬ ቪታልዳስ የብር ሳንቲም ድምፁን ለመስማት ጥቁር ድንጋዩ ላይ ጥሎ ሲያነጥር፣ ሦስት ቅያስ አልፎ የሚዋሽ ነጋዴ ምላሱ ይተሳሰር ነበር። እኛ የህንዷ የአህመዳባድ ከተማ ሰዎች እንዲህ እንላለን፤ ትንሽ ጨምረንበት ይሆናል።

ሥራው አሮጌ ብር መፈተን ነው። ንጹሑ ይዘምራል፤ መዳብ የተሸሸገበት ወይም ውስጡ የተሰነጠቀው "ድፍ" ብሎ ይቀራል። ይህን "ዲዳ" ይለዋል። ዲዳ ደግሞ የማንም ይሁን፣ ሌላ ሰው እንዳያታልል በመሮ ለሁለት ይከፈላል። የገዛ ወንድሙን ሳንቲም ለሁለት ከፍሎ ስንት ዘመን ተኳርፈዋል!

አምና ጆሮው ይከዳው ጀመር። ጌጥ ሻጩ ቺማንላል፣ "አጎቴ፣ እንዴት አደሩ?" ቢለው፣ ስለ ሳንቲም የጠየቀው መስሎት፣ "የሙጋል ነው፣ ግዛው!" ብሎ መለሰለት። ሳቅንበት። ማታ ግን ለሚስቱ ለጃሹበን፣ "ጆሮዬ ከሄደ እኔ ምንድን ነኝ? የድንጋይ ዘበኛ!" ብሏት ነበር።

ከአባቱ የወረሰው አንድ ሩፒ አለው። የጥንት ነገሥታቱ ሙጋሎች እዚሁ ከተማችን ያተሙት፣ የወሩ ኮከብ የሆነው በግ የተቀረጸበት፣ ሙዚየሞች አይተው ምራቃቸውን የሚውጡለት። ሌላው ሰው ጠዋት የቤተ መቅደስ ደወል ይመታል፤ እሱ ጆሮውን ለመክፈት ይህን ሩፒ ያነጥራል።

አንድ ጠዋት አነጠረው። ዝም። ደገመው። ዝም።

"ወይኔ! ስንጥቅ ገብቶበታል" አለ።

ጃሹበን ሊጥ በእጇ እንዳለ ከጓዳ ብቅ አለችና በልጃቸው ስም ጠራችው።

"የማንጁ አባት! ምን ነካዎት? ሩፒው እንደ ደወል እየጮኸ!"

ጀርባውን ሰጥቷታል። የሌላውን ሁሉ ከፍሎ የራሱን ሊምር ነው? መሮውን አስተካከለ።

"ተዉ! ይተዉት!"

ጩኸቷን ሰምተን የመንደሩ ሰው በሙሉ ወደየሰገነታችን ወጣን። መዶሻው ወረደ።

በጉ ከወገቡ ተከፈለ። ቪታልዳስ ግማሹን አንሥቶ ወደ ብርሃን አዞረው። ውስጡ እንደ እርጎ ነጭ ነው፤ ስንጥቅ የለ፣ መዳብ የለ። ቀስ ብሎ ዞረና ሚስቱን አየ። አፏ ተከፍቷል፣ የአንገቷ ሥር ተገታትሯል።

"ምን ከንፈርሽን ብቻ ታንቀሳቅሻለሽ?" አላት፤ "ጮክ በይ እንጂ።"

ጃሹበን ከዚያ በላይ የሚወጣ ድምፅ አልነበራትም። አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠችና መሮውን ከእጁ ወሰደችለት።