ሰባት ቤት ያልተቆጠረለት ውሻ

ጎረቤቴ ያሬድ ባለፈው ሳምንት ውሻ ገዛ። ውሻ ብዬ ስጠራው ራሱ ያሳፍረኛል፤ ቀንዱን ቤቱ ረስቶ የመጣ ወይፈን ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ጎንደር ሲመጡ ውሻው ጋቢና፣ ያሬድ ከኋላ ተቀምጠው ነው አሉ። ያሬድ ይህን ወሬ ይክዳል፤ ያወራሁት እኔ ስለሆንኩ ግን ማንም አላመነውም።

እሑድ ረፋድ ላይ በአጥሩ በኩል ጠራኝ። «ጋሼ ምስጋናው፣ እስቲ ይምጡና ይዩልኝ። ዘሩ የታወቀ ነው፤ ወረቀት አለው።»

መነጽሬን አድርጌ ወረቀቱን በአጥሩ ላይ ተቀብዬ ዘረጋሁት። የአባቱ ስም፣ የእናቱ ስም፣ የአያቶቹ ስም እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እየተከፋፈለ ተጽፏል። ጣቴ እኔን ሳያማክር በአባቱ በኩል ካለው አያት ተነሥቶ በእናቱ በኩል ወዳለው አያት ሄደ። ሳቅ አመለጠኝ።

«ምነው ጋሼ? ሐሰተኛ ነው እንዴ?» አለ ያሬድ ደንግጦ።

«ኧረ እውነተኛ ነው። እኔ ግን ከእንዲህ ያለ ወረቀት ጋር የቆየ ጠብ አለኝ» አልኩት።

ጠቡ የተጀመረው ገዳሪፍ ነው፤ በሰባ ሰባቱ ድርቅ። ዕድሜዬ አሥራ ዘጠኝ ነበር፤ ኪሎዬም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ከአርማጭሆ ቆላ ከእህቴ ከጥሩነሽና ከአገራችን ሰዎች ጋር ወጥተን፣ መተማን አልፈን ገላባት እንደገባን ወባ ጣለኝ። ራሴን ሳላውቅ ስንት ቀን እንደቆየሁ እንጃ። ስነቃ እኔ ገዳሪፍ ሐኪም ቤት ተኝቻለሁ፤ እህቴንና ሰዎቻችንን ደግሞ በሎሪ ጭነው ኡም ራኩባ ወደሚባል የስደተኞች ካምፕ ወስደዋቸዋል። ለእህቴ «ይከተልሻል» ይበሏት፣ «አይተርፍም» ይበሏት፣ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም።

ከሐኪም ቤት ስወጣ ያን ሁሉ የሰሊጥ ከተማ፣ ያን ሁሉ ገበያ፣ ያን ሁሉ ባቡርና ግመል ብዞረው አንድም የሚያውቀኝ የለም። ስሜም ጠፋ። የሚጠራኝ ሁሉ «ያ ሀበሺ» ነው የሚለኝ፤ ከኋላዬ የሚሄደውም ሀበሺ ስለሆነ ሁለታችንም እንዞራለን። ሰው እንዲህ ሲኖር፣ ልቅሶ ቤት ገብቶ ሟቹን እንደማያውቅ እንግዳ ነው፤ ሁሉም ሰው አለ፣ የሱ ሰው ግን የለም።

ሥራ የሰጠኝ ከዋጃ ያኒ ነው። ሱዳኖች ፈረንጁን ሁሉ «ከዋጃ» ይሉታል እንጂ ያኒ እዚያው ገዳሪፍ የተወለደ ግሪክ ነበር፤ ሰሊጥ ነጋዴ፣ ሽማግሌ፣ ሚስት የሞተችበት። በወጣትነቱ ጎንደር ሱቅ ስለነበረው አማርኛ ይናገራል፤ ችግሩ ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» ነው የሚለው።

«አንቺ ልጅ፣ ውሻ ታውቂያለሽ?» አለኝ።

እኔና ውሻ የተዋወቅነው በመነከስ ነው። ግን ረኃብ የማያናግረው የለም። «አባቴ የደጃዝማቹ አዳኝ ውሾች አዛዥ ነበር» አልኩ። «አርባ ውሻ በየስሙ ይጠራ ነበር። ውሻ አይቶ ዘሩን እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል፤ እኔንም አስተምሮኛል።» አባቴ በዕድሜው ያዘዘው ሦስት ፍየል ነው፤ ከሦስቱም አንዷ አትታዘዘውም ነበር።

በዚህ ውሸት ሱልጣን የሚባል አንድ ሽማግሌ ውሻ እጄ ላይ ወደቀ። ትልቅ ነው ብዬ ማጋነን አልፈልግም፤ ቆሞ ሲያዛጋ ግን ግቢው ይጨልማል። በየቀኑ በብረት ድስት ሥጋና አጥንት እቀቅልለታለሁ። ሥጋው የሱ፣ መረቁ የኔ። በኪስራ፣ በዚያች ስስ የማሽላ እንጀራቸው፣ እየነከርኩ እበላዋለሁ። ይህን ሳወራ አርባ ዓመት ሰው አስቄበታለሁ። ከአጥሩ ውጭ ያለው ሰው የድስቱን ሽታ እየሸተተ ዝም ብሎ ይቆም እንደነበር ግን ለማንም አላወራሁም።

ማታ ማታ ፀሐይ ልትገባ ስትል ለሱልጣን ዘሬን እቆጥርለት ነበር። በኛ አገር ልጅ ከመዳሩ በፊት ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሁለቱንም ወገን አባት፣ አያት እያሉ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። በመካከል አንድ ስም ከገጠመ ዘመዳሞች ናቸውና ነገሩ ቀረ። አያቴ ይህን ሳልቆጥር እራት አይሰጠኝም ነበር። ገዳሪፍ ላይ የሚጠይቀኝ ቢጠፋ ለውሻው ቆጠርኩለት፤ «እኔ የአለልኝ፣ አለልኝ የካሴ፣ ካሴ የወረታ...» እያልኩ። ካልቆጠርኩት የሚጠፋብኝ ይመስለኝ ነበር። ሱልጣን ጆሮውን ቀስሮ ይሰማኛል። ሲያልቅ ይተነፍሳል።

ኡም ራኩባ ከገዳሪፍ የዓለም ጥግ አይደለም። ነገር ግን ስደተኛ ከከተማው እንዲወጣ «ታስሪህ» የሚሉት የመንገድ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ያለዚያ ኬላ ላይ ይዘው ያስሩሃል ብለውኛል። ፈቃዱን የሚፈርመው አንድ ሪዙ የተቆረጠ፣ ጫማው እንደ መስታወት የሚያሳይ መኮንን ነበር። በሄድኩ ቁጥር «ቡክራ» ይለኛል፤ ነገ ማለት ነው። ከኅዳር እስከ ሰኔ ነገ ነበር።

እውነቱን ልናገር፤ የያዘኝ መኮንኑ ብቻ አልነበረም። እስከ ካምፑ ያለውን ሜዳ ብቻዬን መሻገር ፈርቼ ነበር። ወረቀቱ ለፍርሃቴ ጥሩ ስም ሆነልኝ።

ሰኔ ሲገባ የመጀመሪያው ዝናብ ጣለ፤ ያ ጥቁር መሬት እግር የሚይዝ የዋልካ ጭቃ ሆነ። በዚያው ሰሞን የከተማው ከዋጃዎችና ሀብታሞች በየዓመቱ የሚያደርጉት የትልልቅ ውሾች ውድድር በያኒ ግቢ ተዘጋጀ። አምስት ውሾች ቀረቡ፤ ሱልጣን አርጅቷልና ከኔ ጋር ተመልካች ነው። አንደኛው ተወዳዳሪ የመኮንኑ ነበር፤ ረዓድ ይባላል፤ ነጎድጓድ እንደማለት ነው። ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ ፈረንጅ ከነወረቀቱ ትቶለት ነው። ከእሾህ አጥሩ ውጭ ደግሞ የአረም ሥራ የሚጠብቁ ያገራችን ሰዎች ራኩባ በሚሉት የሣር ዳስ ጥላ ሥር ተኮልኩለው ያያሉ።

ዳኛው ከካርቱም የሚመጣ የእንስሳት ሐኪም ነበር፤ መኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀብራ ቀረች። ባለውሾቹ ደግሞ እርስ በርሳቸው አይተማመኑም። ሲጨቃጨቁ ያኒ ከመቀመጫው ተነሣ።

«ይቺ ልጅ አለች!» አለ እኔን እየጠቆመ። «አባቷ አርባ ውሻ ነበራት!»

ውሸት ሲያድግ እንዲህ ጌታውን ይጠራል። መቀመጫ ተሰጠኝ፤ ባርኔጣም አጠለቁልኝ። መኮንኑ አጠገቤ ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ በአረብኛ «ዛሬ ከሰዓት ቢሮዬ ና፤ ወረቀትህ ይፈረማል» አለኝ። ከዚያ ሰው አፍ «ዛሬ» የሚል ቃል ሲወጣ የመጀመሪያዬ ነው። ጥሩነሽ ፊቴ ላይ ድቅን አለችብኝ።

ዳኝነቱን በቅሎ ገበያ እንዳየሁት ጀመርኩ። ጥርሳቸውን ገልጬ አየሁ፤ ጉልበታቸውን ዳበስኩ፤ ደረታቸውን በስንዝር ለካሁ። ፈረንጆቹ «ያውቃል!» እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሕሊናዬም አልከበደኝም፤ ረዓድ በእውነት ከሁሉም ይበልጥ ነበር። ሲራመድ ባለርስት ይመስላል።

«አንደኛ፣ ረዓድ!» ልል አፌን ስከፍት ያኒ እጁን አነሣ። ሕጉ ነው፤ ሽልማት ከመሰጠቱ በፊት የአሸናፊው የዘር ወረቀት ይነበባል። እየተረጎመልኝ አነበበ። የአባቱ አባት ካይዘር። የእናቱ አባት ካይዘር።

«ቆይ፣ ከዋጃ። ሁለት ካይዘር ነው ያለው?»

«አንድ ነው። የመዝገብ ቁጥሯም አንድ ነው።»

«እንግዲያ አባትና እናቱ ያንድ አባት ልጆች ናቸዋ!»

«አዎ። ዘሯ እንዳይበላሽ ሆን ብለው ነው።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ለእህቴ ስል። ለራሴ ስል። ግን አያቴ በጉሮሮዬ ተነሣ፤ እጄን ዘርግቼ «አይሆንም! ወንድምና እህት ነው ያጋቡት! ሰባት ቤት ቀርቶ አንድ ቤት አልተቆጠረለትም! ይህ ውሻ ይውጣ!» አልኩ።

ከአጥሩ ውጭ ያለው ሕዝብ ፈነዳ።

«ኧረ በስመ አብ! እህቱን?» አለ አንዱ።

«ከውሻ ምን ትጠብቃለህ?» አለው ሌላው።

«ሽማግሌ አልነበራቸውም?»

ያኒ ሳቁን ለመያዝ ሲታገል መኮንኑ ትርጉሙን ከሌላ ሰው ሰማ። ፊቱ ጠቆረ። ቀስ ብሎ መጥቶ ፊቴ ቆመ። «የኔ ውሻ ዘሩ የተጻፈ ነው። አንተስ? ምን ወረቀት አለህ? የማን ልጅ መሆንህን ማን ያውቃል?»

ጥያቄው እኮ ልክ ነበር። ከጠዋት እስከ ማታ ራሴን የምጠይቀው እሱኑ ነው። የማውቀውን ጀመርኩ፤ በአማርኛ፣ ጮክ ብዬ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ።

«እኔ የአለልኝ፣ አለልኝ የካሴ፣ ካሴ የወረታ፣ ወረታ የድረስ፣ ድረስ የብሩ፣ ብሩ...»

ስድስተኛው ጠፋኝ። ሰባት ወር ለውሻ ስቆጥረው ያልጠፋኝ ስም፣ ሰው ፊት ጠፋኝ። መኮንኑ ፈገግ አለ።

«የጓንጉል!» አለ ከአጥሩ ውጭ አንድ የተሰነጠቀ ድምፅ። «ብሩ የጓንጉል፣ ጓንጉል የቢሻው! ምነው ልጄ፣ ጓንጉል ይረሳል?»

እሾሁን በበትሩ ገፍቶ አንድ ሸበቶ ሰው አንገቱን አስገባ። አያ ውቤ ይባላል። በዱር የጠፋች ላሙን እንደሚያይ ሰው አተኩሮ አየኝ። «የካሴ ወረታ የልጅ ልጅ ነህ?»

«ነኝ፣ አያ።»

«እኔ በእናቴ በኩል ጓንጉል ላይ እገባለሁ።» በጣቱ ቆጠረ። ከዚያ ጮኸ፦ «በል ስማኝ! ሴት ልጅ ብትኖረኝ እንኳ ላንተ አልድርም!»

ከዚያ ወዲህ ብዙ ደግ ቃል ሰምቻለሁ። እንደዚያ ያለ ግን አልሰማሁም።

ሽልማቱ ለማን እንደተሰጠ አላስታውስም። መኮንኑ ውሻውን እየጎተተ ሲወጣ «ከእንግዲህ ቡክራም የለህም» ብሎኝ ሄደ። ይህንን ለአያ ውቤ ስነግረው አልገባውም።

«የምን ወረቀት? ኡም ራኩባ ለመሄድ? በእግርህ አትሄድም?»

«ኬላውስ?»

«ኬላው መንገድ ላይ ነው። እኛ በእርሻው ውስጥ እንሄዳለን። እኔም አረም ፍለጋ ከዚያ ወዲያ ወዳለው ሀዋታ ወደሚባል አገር ነኝ፤ አድርሼህ አልፋለሁ።»

ያኒ ተምርና ደረቅ ዳቦ አሰረልኝ። «አንቺ ውሸታም ነሽ፤ ግን ጥሩ ዳኛ ነሽ» አለኝ። ሱልጣን እስከ ባቡር ሐዲዱ ሸኘኝና ቆመ። ዞሬ ባየሁ ቁጥር ያንሳል፤ በመጨረሻ እንደ ተራ ውሻ አከለ።

ሦስት ቀን ሄድን። ዋልካው እግር ላይ እየተደራረበ፣ ማታ ስንደርስ ከቁመቴ አንድ ክንድ ጨምሬ ነበር። አያ ውቤ መንገዱን ሁሉ ዘራችንን ሲያወራ፣ ማን ማንን እንደገደለ፣ ማን በማን በሬ እንደተጣላ፣ እኔ በሰባት ወር ያልሳቅኩትን ሳቅ ሳቅኩ።

ኡም ራኩባ ስንደርስ ጥሩነሽ የለችም። ያገራችን ሴቶች ነገሩኝ፤ ሰባቱን ወር ሎሪ በመጣ ቁጥር እየወጣች ታይ ነበር። አገር ቤት ዝናብ ጣለ ሲባል እህል ሊዘሩ ከሚመለሱት ጋር ሄደች። ከሄደች ዘጠኝ ቀኗ ነበር። ካምፑ ኬላም አጥርም አልነበረውም፤ ሰው ዝም ብሎ ይገባል።

አያ ውቤ አንድ ሌሊት አብሮኝ አድሮ ወደ ሀዋታ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

እህቴን ያገኘኋት ከስድስት ዓመት በኋላ ጎንደር ነው። ነገሩን ሁሉ ስነግራት ጭኗን መታች። «ሰባት ወር ወረቀት ስትጠብቅ? ውሻ ነህ?» አለችኝና ሳቀች፤ ሳቁ መሐል ላይ ተቆርጦ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። አሁን እሷም የለችም፤ አፈሩን ገለባ ያድርግላት።

«ታዲያ ጋሼ፣ ውሻዬ ጥሩ ነው?» አለ ያሬድ ወረቀቱን እያጠፈ።

«ጥሩ ነው። ብቻ ስትድረው ሽማግሌ ላክ» አልኩት። ስቆ ወደ ጉዳዩ ሄደ።

ውሻው ከአጥሩ ማዶ ቀረ። እኔም ቡናዬን ትቼ ወንበሬን አስጠጋሁ፤ ቤት ውስጥ የሚጠብቀኝ የለም። አየኝ፤ ጆሮውን ቀሰረ። እኔ የአለልኝ፣ አለልኝ የካሴ እያልኩ እስከ ብሩ ቆጠርኩለት። እዚያ ላይ እንደ ልማዴ ዝም አልኩ። ስሙ ጠፍቶኝ አይደለም፤ አርባ ዓመት ሙሉ ስድስተኛው ላይ ትንሽ ዝም እላለሁ። ምናልባት ከአጥሩ ውጭ የሚያውቀው ሰው ቢኖር ብዬ።