ድቅድቁና ጥቁር መነጽሩ

የመኪና መንዳት አሰልጣኙ ሰውን ከመጤፍ የማይቆጥር ሰው ነበር። ለእሱ ሰልጣኝ ማለት ፍሬንና ነዳጅ እየተምታታበት የተወለደ ፍጡር ነው፤ ፈታኝ ማለት መሪ ጨብጦ መኖር ያቃተው ወረቀት ታቃፊ ነው፤ እግረኛ ደግሞ መንገድ የተሠራው ለእሱ መንቀዋለያ የሚመስለው ግዑዝ። ክንዱን በመስኮት አውጥቶ፣ አገጩን ወደ ላይ ቀስሮ፣ «ማርሽ ነው ያልኩህ፣ የማማሰያ እጀታ መሰለህ እንዴ?» ማለት ነበር የዘወትር ሥራው። ሰልጣኞቹም ፊት ለፊት «አሰልጣኝ» እያሉ ከኋላው «ድቅድቁ» ይሉታል።

ስሙን ያወጣለት መነጽሩ ነው። እሱም ራሱን የቻለ ታሪክ አለው።

የማሰልጠኛው ሜዳ ነጭ ጠጠር የፈሰሰበት ነው። ከማዶ አዲስ ቆርቆሮ የለበሰ ትልቅ መጋዘን አለ። ፀሐይ ከላይ ትወርዳለች፣ ከጠጠሩ ትነሳለች፣ ከቆርቆሮው ደግሞ ተወርውራ ትመጣለች። አሰልጣኙ በዚህ መሃል ዓመታት ሲውል ዓይኑ ይቆጠቁጠው ጀመር፤ ከዚያ ይቀላ፣ ከዚያ ያለቅስ ጀመር። ሰው ሁሉ «አቧራ ነው» ሲለው እሱም «አቧራ ነው» አለ። አንድ ቀን ግን አንዲት የባንክ ገንዘብ ከፋይ ማቆሚያው ላይ የተተከሉትን ዘንጎች ሁሉ አንድ በአንድ ከጣለች በኋላ ዘወር ብላ ጉንጩ ላይ የሚወርደውን እንባ አየችና፣ «ውይ አሰልጣኝ፣ ይህን ያህል አስለቀስኩህ?» አለችው። ኋላ ወንበር ላይ ተራ የሚጠብቁት ሰልጣኞች በሳቅ ፈነዱ።

እሱ ሲስቅበት የኖረው ሰው ሳቀበት። ከዚህ የሚበልጥ ውርደት አያውቅም።

ያን ዕለት ማታ ከሥራ ሲወጣ አውቶቡስ ፌርማታው ጋ መነጽር በሰሌዳ ደርድሮ የሚሸጠው ሰውዬ ፊት ቆመ። አንዱን አነሳ፣ ጣለ። ሌላውን አነሳ፣ ጣለ።

«ከዚህ የጠቆረ የለህም?»

«ከዚህ የጠቆረ ግድግዳ ነው፣ ጌታዬ» አለው ሻጩ።

አሰልጣኙ አልሳቀም። የመጨረሻውን፣ ድቅድቅ ያለውን አንስቶ ዓይኑ ላይ ሰካ። በሻጩ መስታወት ራሱን አየ፤ ማለትም ሊያይ ሞከረና በደብዛዛው አንድ የሚያስፈራ ሰው አየ። ወደደው። ከዚያ ወዲያ መነጽሩ ከፊቱ የሚወርደው ለእንቅልፍና ለፊት መታጠቢያ ብቻ ሆነ። እንባው ከመስታወቱ ኋላ ይወርዳል፣ እሱ ጉንፋን የያዘው መስሎ በመሐረብ ይጠርጋል፣ ማንም አያይም። በቃ፣ ለእሱ መነጽር ማለት ይኸው ነበር።

የሚስቱ ታናሽ እህት መነጽር ቤት ነው የምትሠራው። ትምህርቱንም ተምራበታለች። አንድ እሑድ ቤታቸው ምሳ ስትበላ፣ ፊቱን ሊታጠብ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠውን መነጽር አነሳችና ወደ መስኮቱ አቅንታ አየችው። ወዲያ አዘነበለችው፣ ወዲህ አዘነበለችው።

«ጋሼ፣ በዚህ ሲያዩ የበሩ ቋሚ አይጣመምብዎትም?»

«በሩ ጠማማ ነው» አላት።

«በሩስ ደህና ነው። ይኼ መነጽር ሳይሆን መጋረጃ ነው። ሰው ጥቁር ከሆነ ይከላከላል ይላል፤ ጥቁረት ሌላ፣ መከላከል ሌላ። ዓይን ጨለማ ሲሆንበት ብሌኑን ይከፍታል። መስታወቱ የፀሐይዋን መጥፎ ጨረር የማያስቀር ከሆነ በተከፈተው በር ሰተት ብሎ ይገባል። ባያደርጉት ቢያንስ ዓይንዎን ጨፈንፈን ያደርጉ ነበር።»

«አንቺ መነጽር ስትወለውዪ ውለሽ ደግሞ ሐኪም ሆንሽ?»

«ኧረ ስማት፣ ለአንተው ነው» አለች ሚስቱ ከጓዳ።

«ዓይኔን ግንባር ያርገው ይኼን መነጽር ብቀይር!»

ሚስቱ ደነገጠች። «በዓይን አይማልም!» አለችው። እሱ ግን መነጽሩን ከልጅቷ እጅ ነጥቆ ሰካና ጠላ ባልጠፋ ቤት እንደተከለከለ እንግዳ ፊቱን ቋጥሮ በላ። ልጅቷም ዳግም አላነሳችበትም። ስትመጣ «እንደምን ዋሉ» ትለውና ወደ እህቷ ጓዳ ትገባለች።

እንዲህ ሆኖ ሳለ ጨርቅ ነጋዴዋ መጡ። ሃምሳውን የተሻገሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ የጨርቅ ጥቅልል የምትጭን ትንሽ መኪና የቀረችላቸው ሴት ናቸው። የሚቀጥሯቸው ሾፌሮች አንዱ ነዳጅ ሲቀዳባቸው፣ አንዱ ለሠርግ ሲያከራይባቸው ሰለቻቸውና «ራሴ እነዳታለሁ» ብለው ተመዘገቡ። አሰልጣኙ ከላይ እስከ ታች አያቸውና ለባልደረባው፣ «ደግሞ ይቺ መጣችልኝ፤ ክራንች ይዛ ብትማር ይሻላት ነበር» አለ፣ እሳቸው እየሰሙ።

ሴትዮዋ ቀስ ብለው ይነዳሉ። ቀስ ማለታቸው ያንገበግበዋል።

«ንጂ እንጂ! ቀብር ነው የምትሸኚው?»

«ልጄ፣ አንቺ ማለቱን ተወውና መንገዱን አሳየኝ» ይሉታል፣ ዓይናቸውን ከፊት ሳያነሱ።

«መንገድ ማየት የነጂ ሥራ ነው።»

«እሱስ ልክ ነህ» ብለው መንዳታቸውን ይቀጥላሉ።

አንድ ቀን ወደ ማታ፣ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ በፊት መስታወት ቀጥ ብላ በምትገባበት ሰዓት፣ ከሜዳ አውጥቶ ወደ ከተማው መንገድ ወሰዳቸው። መንገዱ ቁልቁል ወርዶ ከባቡር ድልድይ ስር ያልፋል። ላዩ እሳት የመሰለ ብርሃን፣ ስሩ ዋሻ ነው። ነጋዴዋ ድልድዩ ሳይደርሱ ፍጥነታቸውን ቀነሱ።

«ምን ሆንሽ? ምን አየሽ?»

«ምንም አላየሁም። አለማየቴ ነው ያቆመኝ። ዓይኔ ጥላውን እስኪለምድ ብዬ ነው።»

«ዓይንሽን ልታለማምጅ ነው የመጣሽው? ጥግ ያዢ! ውረጂ! እኔ ላሳይሽ፣ ሰው እንዴት እንደሚነዳ።»

ወረዱ፤ ቦታ ተለዋወጡ። አሰልጣኙ መሪውን ጨበጠ፣ ሦስተኛ ማርሽ አስገባና በዚያ ከከሰል በጠቆረ መነጽር፣ ከዚያ ከሚያንጸባርቅ ብርሃን፣ ወደዚያ ጨለማ ገባ። እውነቱን ለመናገር ምንም አልታየውም። ሁልጊዜም አይታየውም ነበር፤ መንገዱ ባዶ እየሆነ ሲያተርፈው ኖሮ ነው እንጂ። ዛሬ ግን አንድ ሰው የስፖንጅ ፍራሽ እስከ አናቱ የቆለለ የእጅ ጋሪ እየገፋ ከስር ነበር።

«ቁም! ሰው! ሰው አለ!» ብለው ጮኹ ነጋዴዋ።

«ዝም በይ...»

የቀረውን ቃል ፍራሹ ዋጠው። መኪናዋ አፍንጫዋን ስፖንጅ ውስጥ ቀብራ፣ ጋሪውን ገፍታ፣ ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ሲቀራት ቆመች። ባለጋሪው ወደ ጎን ዘሎ ክርኑ ተላጠ። ፍራሽ ባይሆን፣ ብረት ወይ ድንጋይ ቢሆን የጫነው፣ ወሬው ሌላ ይሆን ነበር።

አሰልጣኙ እንደወረደ የመጀመሪያ ቃሉ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «መብራት የሌለው ጋሪ ይዘህ መንገድ ትገባለህ? አንተ ደንቆሮ!»

ባለጋሪው ክርኑን ይዞ አፉን ከፍቶ ቀረ። ነጋዴዋ ግን በሩን ወርውረው ወጡና ፊቱ ቆሙ። ሊሰድቡት ነበር፤ ስድቡም ደርሶ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ነበር። በግጭቱ ጊዜ ግን መነጽሩ ወድቋል። ያ ሁሉ ወር ያላዩትን ዓይን አዩ። ደም መስሏል፣ ቆቡ አብጧል፣ እንባ ያዘንባል፣ ከግራው ጥግ ደግሞ ስስ ሥጋ የመሰለ ነገር ወደ መሃል እየዳኸ ነው።

«ውይ ልጄን» አሉ፣ ስድባቸውን ውጠው፣ «ዓይንህን እንዲህ አድርገህ ነው ሰው የምትንቀው?»

ቢሰድቡት ይመልስ ነበር። አሁን ግን ጎንበስ ብሎ መሬት ለመሬት መነጽሩን ይዳብስ ጀመር። ያገኘለትም ባለጋሪው ነው፤ አንስቶ አቀበለው። አሰልጣኙም «አመሰግናለሁ» እንኳ ሳይል ተቀብሎ ሰካው። ይቅርታስ? ይቅርታውን በማግስቱ ሚስቱ ናት አፈላልጋ ሄዳ የጠየቀችለት።

የማሰልጠኛው ባለቤት ብዙ አልተናገረም። «ዓይንህን ሳትታይ መኪናዬን እንዳትነካ» አለው፤ ጨረሰ።

ሐኪሙ ዓይኑን በመብራት አየለት። ሥጋው ከፀሐይ፣ ከአቧራና ከንፋስ የመጣ መሆኑን፣ ገና ብሌኑን እንዳልነካ፣ እያደገ ከሄደ ግን በቀዶ ጥገና እንደሚነሳ ነገረው። ጠብታ አዘዘለት። «ከሁሉ በፊት ግን ደህና የፀሐይ መነጽር» ሲለው፣ አሰልጣኙ «አለኝ» ብሎ ያንኑ አወጣ። ሐኪሙ አንዴ መነጽሩን፣ አንዴ እሱን አየና መለሰለት። እንዲህ ያለውን አስተያየት አሰልጣኙ ያውቀዋል፤ ሃያ ዓመት ሰልጣኞቹን ያየበት አስተያየት ነው።

እናም ሚስቱ እየነዘነዘች፣ እሱ እየተጎተተ፣ እህትየዋ ወደምትሠራበት መነጽር ቤት ሄዱ።

«ስሚ፣ ቶሎ አንድ ጥቁር ስጪኝና ልሂድ» አለ፣ ገና ከበሩ።

ልጅቷ ጥቁሩን መነጽር ተቀብላ ትንሽ መለኪያ መሣሪያ ላይ አስገባችው። አንድ መብራት በራ። ከዚያ ከመደርደሪያው ቀለሙ ፈዛዛ ቡናማ የሆነ፣ ልጅ እንኳ የሚንቀው የሚመስል መነጽር አውጥታ በዚያው አስገባች፤ መብራቱ ጠፋ።

«ያንተ ብርሃኑን ከልክሎ ጨረሩን ያሳልፋል። ይኼ ፈዛዛው ጨረሩን ከልክሎ ብርሃኑን ያሳልፋል። አየህ?»

«አንተ» አለችው። «ጋሼ» እና «እርስዎ» የት እንደገቡ እንጃ። ሚስቱም ሰምታ በከንፈሯ ጥግ ፈገግ አለች።

«ተለጣፊ አለው እኮ የኔም! ይከላከላል ይላል!»

«ተለጣፊ ማንም ይለጥፋል። ግንባርህ ላይ 'ትሁት' ብለን ብንለጥፍስ?»

አሰልጣኙ ሰው እንዲህ ሲመልስለት አያውቅም ነበርና ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። እሷም ያለ ርኅራኄ ታስለካው ጀመር። እንደ መስታወት የሚያብለጨልጨውን ወደደ፤ «ለሠርግ ቪዲዮ ይሆናል» ብላ ነጠቀችው። ትንሿን ክብ አነሳ፤ ፀሐይ በላይም በታችም እንደምትገባበት በጣቷ አሳየችው። ቅንድቡን የሚሸፍን፣ ጎኑ ከፊቱ የሚገጥም፣ ሆኖም እጀታው ቀጭን የሆነ ፈለገችለት፤ ወፍራም እጀታ ከጎን የሚመጣ መኪና ይደብቃልና። ቀለሙ ቡናማ ወይ ግራጫ ይሁን ያለችው የትራፊክ መብራት ቀለም እንዳይቀየርበት ነው። ከጠጠርና ከቆርቆሮ የሚነሳውን ነጸብራቅ የሚሰብር መስታወት አስገባችለት። «ጥላ ስትገባና ሲመሽ ደግሞ ታወልቀዋለህ፤ ሐዘንተኛ አይደለህም» አለችው።

መጨረሻ ላይ ከመስታወቱ ፊት አቆመችው። አየ። በቡናማው ኋላ የቀላ፣ የደከመ፣ ትንንሽ ዓይን ያለው ሰው ቆሟል።

«ዓይኔ ይታያል እኮ» አለ፤ ድምፁ ወርዶ።

«ይታያ» አለች ሚስቱ። «ምን አለበት? ዓይን ነው።»

ጥቂት ሳምንታት አልፈው ዓይኑ ነጣ። ሥጋው አልጠፋም፤ ቆመ እንጂ። ጨርቅ ነጋዴዋ በሌላ አሰልጣኝ ተምረው ፈቃዳቸውን ወሰዱ። እሱ ደግሞ ወደ ሥራው ተመለሰ። ታዲያ ልብ ገዛ ብላችሁ እንዳትጠብቁ። በሳምንቱ ባልደረቦቹን ሰብስቦ፣ «ጥቁር ነው ብሎ የመንገድ ጠርሙስ ዓይኑ ላይ የሚሰካ ሰው ጭንቅላት አለው ትላላችሁ?» እያለ ስለ ጨረርና ስለ ብሌን ሲያስተምር ተገኘ። ከማን እንደተማረው አንድም ቀን አልተናገረም።

አንድ ጠዋት ከማሰልጠኛው በር ፊት ለፊት አንድ የእጅ ጋሪ ጎማው ቦይ ውስጥ ገብቶ ቆሞ ነበር። ባለጋሪው «ወንድም፣ አንዴ እጅህን» አለው። አሰልጣኙ ቀረብ ሲል አወቀው። ሰውዬው ግን አላወቀውም፤ በዚያ በድልድይ ስር ጨለማ ካቀበለው ጥቁር መነጽር በቀር ፊቱን አልለየውም ነበርና። ተጋግዘው ገፉና ጎማው ወጣ።

«እዚህ ግቢ አንድ ጥቁር መነጽር የሚያደርግ ዕውር አሰልጣኝ ነበር» አለ ባለጋሪው ላቡን እየጠረገ፣ «ደፍጥጦኝ ደግሞ ሰደበኝ። አሁንም አለ?»

አሰልጣኙ አፉን ከፈተ። ሊናገር የሚገባውን ያውቅ ነበር፤ ቃሉም አጭር ነው።

«ተባሯል» አለ።

«እሰይ! ሰው ነው ብለህ ነው?»

«እሱስ ድሮም ሰው አልነበረም» አለ አሰልጣኙ፤ አብረውም ሳቁ። ባለጋሪው መርቆት ሄደ። እሱም የጋሪውን ጀርባ እስከ ማጠፊያው ድረስ ጥርት አድርጎ እያየ ትንሽ ቆመና፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ወደ ግቢው ገባ።