ኮቱ ብቻውን የመጣ ጊዜ

ይህን ኮት የነኩ ሰዎች እነዚህ ናቸው። የውስጥ ኪሱን የሰፋችው እናቴ። ዓይኑን የጣለበት አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም። ከካርቱም መተማ የምትመላለሰው ነጋዴ። ከመተማ ጭኖ ያመጣው ሾፌር። ዳንግላ ገበያው አጠገብ ጨርቅ የምትሸጠው ባለሱቅ። ደብዳቤውን ያነበበችው ታናሽ እህቴ። ላኪው እኔ። ዘንድሮ ደግሞ ልጄ ስምንተኛ ሆነች። እናቴ ካረፈች በኋላ ሳጥኗን ስናስተካክል ጎትታ አወጣችው።

"አባዬ፣ ይኼ የማን ነው?"

"የእኔ።"

"ታዲያ አያቴ ሳጥን ውስጥ ምን ይሠራል?"

ኮቱ የጭስና የቆየ ቅቤ ሽታ ነበረው። ልጄ መልስ አልጠበቀችም፤ እጇን ከውስጥ ኪሱ ከትታ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ፈታነው። ጉንጉን ጠጉር ነበር፤ ጥቁር፣ ጫፉ በክር የታሰረ። የኮቱን ታሪክ አውቃለሁ፤ ጠጉሩን ግን አላውቀውም ነበር።

ለምትሰማኝ ወጣት፣ ላንተም የምነግርህ ነገ አገር ለቅቀህ ዕቃ መላክህ ስለማይቀር ነው። ከስድስተኛ ክፍል በላይ ትምህርት ቤት አላየሁም፤ የቀረውን ካገኘሁት ወረቀት ሁሉ ለቅሜ ነው። ምክር ያበዛል ይሉኛል። ይበሉኝ።

ሁለት ሺህ አራት ዓመተ ምህረት፣ ጥር ላይ ነው ከእንጅባራ የወጣሁት። አመዳይ የድንቹን ቅጠል ያቃጠለበት ሰሞን ነበር። ኮቱ ወፍራም ቡናማ ልባሽ ነው፤ እናቴ ለመንገድ ገንዘቤ ብላ በስተግራ በኩል የውስጥ ኪስ ሰፋችበት። አጎቴ ሊሸኘኝ መጥቶ ከእኔ ይልቅ ኮቱን ያይ ነበር።

"ካርቱም ኮት ምን ይሠራልሃል? እዚያ ሰው ሸሚዙን አውልቆ ነው የሚውለው አሉ። ለእኔ ተወው።"

"መንገድ ላይ ሲበርደኝ እርስዎ ይመጡልኛል?"

"እንግዲያው ቀቅለህ ብላው!" አለና ሳቀ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ኮቱን ለብሼ ሄድሁ።

አጎቴ እውነቱን ነበር። ካርቱም ከደረስሁ በኋላ ኮቱን አንድ ቀን አልለበስሁትም። ሥራ ያገኘሁት ዕቃ በሚታሸግበት መጋዘን ነው። ስንቱን ካርቶን እንዳሰርሁ አላስታውስም፤ የማስታውሰው የማጣበቂያውን ሽታና፣ በቆርቆሮው ቀዳዳ የሚገባውን የፀሐይ ጨረር ነው። የዕቃው ዝርዝር በላዩ ሳይለጠፍ አንድም ካርቶን ከበሩ አይወጣም። አለቃችን፣ "ዝርዝር የሌለው ዕቃ አፍ የሌለው መልክተኛ ነው" ይለን ነበር። የዓረብኛን ፊደል የቆጠርሁት ከእነዚያ ዝርዝሮች ላይ ነው። ይህን እያወቅሁ ያደረግሁትን አሁን ትሰማለህ።

ከፋሲካ በኋላ ነጋዴዋ ከእናቴ የተላከ ጆንያ አመጣችልኝ። አፉ በቃጫ የተሰፋ ነው። ስፈታው የተቆላ የገብስ ሽታ ክፍሉን ሞላው። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በላስቲክ ጠርሙስ ድልህ። ከሁሉም ሥር አንድ ጥሬ ድንች ነበር። አንድ ብቻ።

አብረውኝ የሚያድሩት የአገሬ ልጆች ከበቡኝ። አንዱ ድንቹን ወደ ብርሃን አነሣና፣ "ናሙና ነው እንዴ? ከወደድኸው ኩንታሉ ይከተላል?" አለ። ሳቁብኝ። ድንቹ ግን በእርግጥ ናሙና ነበር። እናቴ የዚያን ዓመት ምርት እንዳይ ብላ ነው፤ በአመዳይ የተመታው ማሳ እንዲህ አገግሞ ሰጠ ማለቷ ነው። በመንገድ ብዙ ስለቆየ ነጭ ቡቃያ አውጥቷል። ብዙ ጊዜ አገላብጬ አየሁት። በወተት ጣሳ ተከልሁት፤ ሁለት ቅጠል አወጣና ሙቀቱ ገደለው።

በእኛ ዘንድ ደግሞ ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ጎረቤት በሰሃን ምግብ ከሰጠህ፣ ሰሃኑን ስትመልስ እፍኝ ቆሎም ቢሆን ታደርግበታለህ። የእናቴን ጆንያ ባዶውን ማስቀመጥ ከበደኝ። ስለዚህ ስልኬን ከነሲም ካርዱ ሸጥሁ። ስድስት የሻይ ብርጭቆ፣ ሽቶ ሳሙናና የቀሚስ ጨርቅ ገዛሁ። ይህ ሁሉ ለፍቅር ብቻ ነበር ብል እዋሻለሁ። "ልጇ እንዲህ አድርጎ ላከላት" መባል ፈልጌ ነበር። ለመመስገን ብዬ ድምፄን ሸጥሁ።

ብርጭቆዎቹ እንዳይሰበሩ በኮቱ ጠቀለልኋቸው። ኮቱም ለአጎቴ ይሁን አልሁ። ይህን ሁሉ በደብዳቤ ጻፍሁና ደብዳቤውን ከውስጥ ኪሱ ከተትሁ። እናቴ የሰፋችው ኪስ ነውና መጀመሪያ እጇን የምትከተው እዚያ ነው ብዬ። ጆንያውን ለነጋዴዋ ስሰጥ በላዩ ላይ ዝርዝር አልለጠፍሁም። ለቤተሰብ ምን ዝርዝር ያስፈልጋል?

ከዚህ በኋላ የሆነውን ከተመለስሁ በኋላ ነው፣ ሰዎቹን አንድ በአንድ እያፈላለግሁ የሰማሁት። ዓመታት ፈጅቶብኛል። ነጋዴዋ መተማ ስትደርስ፣ አዲስ ዕቃ ቀረጥ ያስጠይቃል፣ አሮጌ ልብስ ግን ማንም አይነካውም ብላ አሰበች። ብርጭቆውን፣ ሳሙናውንና ጨርቁን ከራሷ ዕቃ ጋር ልታመጣ አስቀረች። ኮቱን ብቻ በሲባጎ አስራ፣ "ሌላው ይከተላል በላቸው" ብላ ለሾፌሩ ሰጠችው። ሾፌሩ ዳንግላ ሲደርስ ኮቱን አስታወሰ፤ ቃሉን ረሳ። ለባለሱቋ የእገሌ ቤተሰብ ይወስደዋል ብሎ ጥሎ አለፈ።

ቅዳሜ አጎቴ ለገበያ ዳንግላ ወረደ። ባለሱቋ ጠራችውና ኮቱን ሰጠችው።

"ልጁስ?" አላት።

"እኔ ምን አውቄ ጋሼ። ሾፌሩ ነው ያወረደው።"

"ቃል አልላከም?"

"የለም። ይኸው ነው።"

በእኛ አገር የሰው ልብስ ያለ ባለቤቱ ከሩቅ ሲመጣ ትርጉሙ አንድ ነው። አጎቴ ኮቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በሚኒባስ እንጅባራ ገባ። እንደወረደ ስልኬ ላይ ደወለ። የማያውቀው ሰው በዓረብኛ መለሰለት፤ ስልኬን የገዛው ሰው ነበር። ለአጎቴ ሌላ ምስክር አላስፈለገውም። የሟች ንብረት በባዕድ እጅ ገብቷል። ኋላ፣ ኪሱን ለምን አልፈተሹም ስለው፣ "እናቱ ሳትሰማ እኔ እጄን ከኪሱ ልክተት?" አለኝ። አራት ቀን እህል አልቀመሰም፤ ሚስቱን ሆዴን ነው ብሎ አታለላት።

በአምስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች ይዞ ከእናቴ ደጃፍ ቆመ። ጋቢውን አዘቅዝቆ ነበር። እናቴ በሩን ከፍታ አየችውና፣ ምን ሆናችሁ አላለችም።

"ማንን?" ብቻ አለች።

እናቴ ስትቆጣ በአማርኛ፣ ስታለቅስ በአገውኛ ነበር። የዚያን ቀን ጎረቤቱ ሁሉ አገውኛ ሰማ። ጠጉሯን ቆረጠች።

በለቅሶው ሦስተኛ ቀን ኮቱን ወደ ለቀስተኛው መሐል አወጡት። እናቴ ተቀብላ ስታቅፈው እጇ ሳታዝዘው ወደ ራሷ ስፌት ሄደ። ወረቀት ነካች። ማንበብ ስለማትችል ለእህቴ ሰጠቻት። እህቴ አምስተኛ ክፍል ነበረች። እያለቀሰች፣ ቃሉን እየቆራረጠች፣ በሕዝቡ ፊት አነበበች። "እኔ ደህና ነኝ። ብርጭቆዎቹን በኮቱ ጠቅልዬ ልኬልሻለሁ። ኮቱ የጋሼ ነው። ቀቅዬ ልበላው ስላልቻልሁ እሳቸው ይልበሱት።"

ከለቀስተኛው አንዷ ሳቋ አመለጣትና አፏን በነጠላዋ አፈነች።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንዱ፣ "ከመሞቱ በፊት የጻፈው ቢሆንስ?" አለ።

እናቴ በአማርኛ መለሰች። "ሙት ኮቴን ላክሁ ብሎ አይጽፍም። ከላከ በኋላ ሞቶ ከሆነ ማን ነገራችሁ? የነገራችሁ ኮቱ ነው። ኮቱም ይኸው ቃሉን አጠፈ። በሉ ተነሡ፣ ልጄ አልሞተም።"

ድንኳኑ ፈረሰ። ምግብ ይዘው የመጡትን ጎረቤቶች ግን ባዶ ዕቃቸውን አላሳቀፈቻቸውም፤ ለሁሉም ድንች ሞልታ ሰደደቻቸው።

እንዲህ ብትናገርም፣ ድምፄን እስክትሰማ ሠላሳ ሰባት ቀን ጠብቃለች። ነጋዴዋ የቀረውን ዕቃ ይዛ የደረሰችው ከዚያም በኋላ ነው። እኔ ካርቱም ላይ የምስጋና ወሬ እየጠበቅሁ ነበር። ዝም ሲሉኝ ተቀየምሁ፤ ይህንንም መደበቅ አልፈልግም። በመጨረሻ ስልክ ተውሼ ለአጎቴ ደወልሁ።

"ጋሼ፣ እኔ ነኝ።"

"እኔ ማን?"

"ኮቱ ደረሰዎት?"

ኔትወርኩ የተቋረጠ መሰለኝ። ከዚያ በቀጭን ድምፅ፣ "ልጅ ሳለህ የጣለህ ፈረስ ማን ይባላል?" አለኝ።

"ዳማ ነዋ! ምን ነካዎት?"

"እጅህን የሰበረህ ጊዜ ማን አሸህ?"

"እግሬን እንጂ እጄን መቼ ሰበረኝ!"

"አንተ ከንቱ!" ብሎ ጮኸ። "አንተ የማትረባ! አለህ!" ከዚያ ስልኩን እንደያዘ ወደ እናቴ ቤት ሲሮጥ ትንፋሹንና የጎማ ጫማውን ኳኳታ ሰማሁ። ምን እንደሆነ አላወቅሁም። ሂሳቡ ሊያልቅብኝ ነው ብዬ ተናደድሁ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ተመለስሁ። አሁን መንገድ ዳር የቀርከሃ ወንበር እየሠራሁ እሸጣለሁ። አጎቴ ኮቱን አልለበሰውም። "በቁምህ ያለቀስሁበትን ልብስ ለብሼ ገበያ ልሂድ?" አለኝ። እናቴ ሳጥኗ ውስጥ አስቀመጠችው፤ እኔም ዳግመኛ አልጠየቅሁም።

ጠጉሩን ካገኘን በማግሥቱ ጥቅሉን ይዤ አጎቴ ዘንድ ሄድሁ። ሸምግሏል፤ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። አየውና ጨርቁን መልሶ ሸፈነው።

"በእነዚያ በጠበቅንህ ቀናት ነው" አለ። "እኔ ይኑር ይሙት እያልሁ ስንከራተት፣ ኮቱን አምጥታ 'ወደ ካርቱም መልስልኝ' አለች። ለማን ነው ብላት፣ 'ካለ ለእሱ። ከሌለ ዕቃው ተመልሶ ይመጣል፣ ያን ጊዜ አውቀዋለሁ' አለች። ደብዳቤህን ከኪሱ ወስዳለቻ፤ ኪሱ ባዶውን አይመለስም ብላ የቆረጠችውን ጠጉር ከተተችበት። ሾፌር ባገኘሁ በማግሥቱ አንተ ደወልህ።"

"ታዲያ ለምን አልነገረችኝም?"

"ምን ብላ? በሕይወትህ ሳለህ አለቀስሁብህ ብላ?"

ለእኔ የተላከ፣ ከሳጥን ሳይወጣ የቀረ ዕቃ ነበረ ማለት ነው። ደረሰኝ፤ ላኪዋ ግን የለችም።

እንግዲህ ዋጋው ይህን ያህል ነው። እኔን አንድ ስልክ። ነጋዴዋን በመንገድ የተሰበረ አንድ ብርጭቆና፣ ከዚያ ወዲህ በየመንደሩ የሚጠብቃት ወቀሳ። ሾፌሩ ይቅርታ ሊል ከመንገዱ ወጥቶ ቤታችን ድረስ መጥቷል። ባለሱቋ ከዚያ ወዲያ የሰው አደራ አትቀበልም። እህቴ ዛሬም ጮክ ብላ ደብዳቤ አታነብም። አጎቴን አራት ቀን ያለ እህል። እናቴን ሠላሳ ሰባት ቀንና አንድ ጉንጉን ጠጉር። ሁሉም በላዩ ላይ ባልጻፍሁት አንድ መስመር።

ልጄ ጉንጉኑን በመዳፏ ላይ አድርጋ መዘነችው።

"አባዬ፣ ምንም አይከብድም" አለች።

ተቀብያት ወደ ኪሱ መለስሁት።