ጀርባዋን የሰጠች ጎጆ

በቡታጅራ ታፔላ ጸሐፊውን ከድሮን በመልኩ የማያውቅ ሰው ቢኖር እንኳ እጁን ያውቀዋል። የዳቦ ቤቱን፣ የልብስ ሰፊውን፣ የክሊኒኩን ታፔላ የጻፈው እሱ ነው። እኔም በሃምሳ ዓመቴ ፊደል የለየሁት የእሱን ታፔላዎች እያነበብኩ ስለሆነ፣ ስለ እሱ መጻፍ ይገባኛል።

ከታፔላ ሌላ በዕድሜው አንድ ትልቅ ሥዕል ሠርቷል፤ የተወለደበትን መንደር ጀፎረ። ጀፎረ መንደሩን መሃል ለመሃል የሚያቋርጥ ሰፊ የሣር መንገድ ነው፤ ጎጆዎቹ ግራና ቀኝ ተሰልፈው በራቸውን ወደ እሱ ይከፍታሉ። በከድሮ ሥዕል ግን አንዲት ጎጆ ለጀፎረው ጀርባዋን ሰጥታለች። ሥዕሉ ምግብ ቤት ተሰቅሎ፣ በቀን መቁጠሪያ ታትሞ፣ ዝናው ጉንችሬ ሲደርስ፣ ስሕተቱም አብሮ ደረሰ።

"ከድሮ፣ እንግዳ እንዳይመጣባችሁ ነው እንዴ?" ይሉታል። እሱ ብሩሹን ነክሮ ሥራውን ይቀጥላል።

አምና ሳቢሪን፣ ልጅ ሳለች ብሩሹን ታጥብለት የነበረችው፣ ኮምፒውተር ተምራ ከአዲስ አበባ መጣችና ሥዕሉን ፎቶ ላንሳው አለችው። ፈቀደላት። እሷ ግን ወልቂጤ አዳራሽ ተከራይታ ሥዕሉን የሚንቀሳቀስ አድርጋ በፕሮጀክተር ግድግዳውን ሁሉና ወለሉን አለበሰችው። ሣሩ ይወዛወዛል፣ ከብቱ ያልፋል፣ ሰው ጫማውን አውልቆ በመሃሉ ይሄዳል። ያየ ሁሉ እየተመለሰ፣ "የሳቢሪንን ጀፎረ አያችሁት?" ይል ጀመር።

"የሳቢሪን" የምትለዋ ቃል ከድሮን ምሳ አስተወችው።

ሚስቱ ሃፊዛ አላለፈችውም። "ሰውዬ፣ ያሳየችው እኮ ያንተን ሥራ ነው።"

"የኔ ሣር አይወዛወዝም!"

"በኔ እንኳ እንዲህ ቀንተህ አታውቅም።"

"ባንቺማ ማንን ብዬ ልቅና?"

"ሊያገባኝ የነበረውን ሸምሶን ረሳኸው?" አለችና ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

በመጨረሻ እኔን አስከትሎ በሚኒባስ ወልቂጤ ሄደ። መንገዱን ሙሉ ሊያገኝ ያሰበውን ጥፋት ሲዘረዝር ነበር። አዳራሹም ሲገባ ጫማውን አላወለቀም።

"አሰላሙ አለይኩም ጋሼ!" ሳቢሪን ሮጣ መጥታ ትከሻውን ሳመችው።

"ወአለይኩም ሰላም። ላሞቼን ምን አብልተሽ ነው እንዲህ ያወፈርሻቸው?"

ሳቀችና ወደዚያች ጎጆ ወሰደችው። ሰው ሲጠጋት ጎጆዋ ቀስ ብላ ትዞርና ፊቷ ይመጣል። በሯ ክፍት ነው፤ ውስጧ ድቅድቅ ጨለማ።

"ሰው ሁሉ አስተካክያት አለኝ፣ እምቢ አልኩ" አለች። "ውስጧን ግን መሥራት አቃተኝ። ምን ነበረ ጋሼ? ይንገሩኝና ልሥራው።"

ከድሮ ወደ በሩ ተጠጋ። "እናቴ ስትታመም ልጅ አይግባ ተባለ" አለ ቀስ ብሎ። "እኔ ጓሮ፣ እንሰቱ ሥር ቆሜ ድምጿን በግድግዳው እሰማ ነበር። በዚያው ሞተች። ስሥል እጄ የሄደው ወደዚያ፣ ወደማውቀው ጀርባዋ ነው። ውስጡን እኔም አላየሁትም።"

"እንግዲያው ጨለማው እንዳለ ይቆይ?"

"ጨለማው ልክ ነው። ማን ነገረሽ?"

"ማንም አልነገረኝም።"

ስንመለስ፣ "አሁንስ ቅናቱ ለቀቀህ?" አልኩት።

"የት ይለቀኛል! ያቺን በር አበላሽታት ቢሆን ኖሮ ነበር የሚለቀኝ።"

በሳምንቱ ቆርቆሮና ቀለም ይዞ ወልቂጤ ተመለሰ፤ የአዳራሹን ታፔላ ራሱ ጻፈ። "የከድሮ ጀፎረ" ይላል በትልልቁ። ከሥሩ "ብርሃን፦ ሳቢሪን"። የእሷ ፊደል የእሱን ግማሽ አያክልም። ለምን ስለው፣ "ቦታ አነሰኝ" አለኝ።

ቆርቆሮው ላይ አንድ ክንድ ያህል ባዶ ቦታ ተርፏል።